የመዓዛ አሸናፊ ታሪክ የሚጀምረው ከሹመታቸው ቀን አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር እኔም ጋ ደረሰ። ስለ ቀድሞዋ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ስለ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ነው። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ሹመታቸው ለሴትነታቸው የተሰጠ ስጦታ ነው። ሁለተኛ፣ ስማቸውን የሠራው «ድፍረት» የተባለው ፊልም ነው፤ የጠለፋ ሕጉንም ያስለወጠው እሱው ነው። ሦስተኛ፣ እሳቸውና ጓደኞቻቸው የታገሉለት የቤተሰብ ሕግ ከፈረንጅ የተቀዳ፣ ትዳር አፍራሽ ነው። አራተኛ፣ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የመንግሥት ተለጣፊ ነበር። አምስተኛ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገብተው ምንም ሳይሠሩ ጥለው ወጡ።

ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ፍርድ ቤቶቻችን አንጀቱን እንዳሳረሩት ያስታውቃል። በዚህ አልፈርድበትም። ቀጠሮ ሲቆጥር ዓመት ያለፈበት ሰው ብዙ ነው። ግን አምስቱም ነጥቦች አንድ ጉድለት አለባቸው። ታሪኩን ከሹመታቸው ቀን፣ ከጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ይጀምሩታል። ከዚያ በፊት የነበረው የሠላሳ ዓመት ሥራ የለም። የእኚህን ሴት ሥራ መመዘን የፈለገ ሰው መጀመሪያ የድሮውን ሕግና አዲሱን ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ አለበት። ያኔ ምን እንደተለወጠ ራሱ ያየዋል።

ከሁለተኛው ነጥብ ልጀምር። ዓይን ያወጣው ስህተት እዚያ ነው ያለው።

«ድፍረት» ለሕዝብ የታየው በ2006 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘውም በዚያው ዓመት ነው። የድሮው የጠለፋ ድንጋጌ የተሻረው ግን በአዲሱ የወንጀል ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ነው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ ሲመጣ ሕጉ ከተለወጠ ወደ ዘጠኝ ዓመት ሊሆነው ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ሕጉን አስለወጠ የሚለው ነገር ውሃ አያነሳም።

ዓመተ ምሕረቱን ማስተካከል ብቻውን ግን አይበቃም። የተሻረው ነገር ምን እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠለፋን ወንጀል ያደርገዋል። ወዲያው ግን በር ይከፍታል። ተጠላፊዋ ከጠላፊዋ ጋር በፈቃዷ ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች ክስ አይቀርብም ይላል።

ይህ አንቀጽ ገጠር ሲወርድ እንዴት ይሠራ እንደነበር የማያውቅ ካለ ልንገረው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ይጠብቋታል። ጎረምሶች ናቸው፤ ፈረስ አላቸው። እየጮኸች ይወስዷታል። አንድ ጎጆ ውስጥ ይዘጉባታል። ድንግልናዋ ከተወሰደ በኋላ ሽማግሌ ወደ አባቷ ይላካል። አባት ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ ከዚያ ያስባል። ከእንግዲህ ማን ያገባታል? ከብት ይቆጠራል፣ ካሳ ይነገራል፣ ይታረቃሉ። ፖሊስ ሲጠይቅ «ተስማምተናል» ይባላል። ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም። ቢጠይቃትም ከጠላፊዋ ቤት ሆና ምን ትላለች? መዝገቡ ይዘጋል። ሕጉ «በፈቃዷ» ያለው ይኼን ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በዚሁ መንገድ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ጠመንጃ አግኝታ ልታመልጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ጥብቅና የቆመላት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩን ያኔ ይመሩ የነበሩት ወ/ሮ መዓዛ ናቸው። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። «ድፍረት» የተሠራው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው።

የጉዳዩ ክብደት ምኑ ላይ እንደሆነ ጸሐፊው ያየው አልመሰለኝም። እስከዚያ ድረስ የጠለፋ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ችሎት ፊት ሳይደርስ በእርቅ ይቀር ነበር። ይኼኛው ግን የሰው ሕይወት የጠፋበት ነው። በሽማግሌ የሚዘጋ መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ ጠለፋ ምን እንደሆነ፣ አንዲት ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርስ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዳኛ ፊት መነገር ነበረበት። ተነገረም። ከዚያ በኋላ ነው አንቀጽ 558 ቆሞ መከራከር ያቃተው።

አዲሱ ሕግ አንቀጽ 587 ላይ የጻፈውን ጸሐፊው ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። ለማግባት ብሎ በኃይል የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። አስገድዶ መድፈር ከተጨመረበት በአስገድዶ መድፈር ቅጣት ይጠየቃል። ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ደግሞ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። ያቺ የተከፈተች በር ተዘጋች።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጠዋለሁ። ፊልሙ ሁሉን ነገር በአንዲት ጠበቃ ትከሻ ላይ ማስቀመጡ ልክ አይደለም። የማኅበሩ ጠበቆች ብዙ ነበሩ። በየችሎቱ የቆሙት፣ በየወረዳው የተንከራተቱት ሌሎችም ናቸው። ባለታሪኳም ብትሆን በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ፊልሙ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እንዲታገድ አድርጋ ነበር። ሕይወቷ የራሷ ነው፤ ቅሬታዋም የራሷ ነው፤ መደመጥ ነበረበት። እኔም ስሟን እዚህ የማልጠራው ለዚህ ነው። ይህ ግን የፊልም ሠሪዎች ጉዳይ ነው። የወ/ሮ መዓዛን የሕግ ሥራ የሚያጣጥልበት መንገድ አይታየኝም።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። የቤተሰብ ሕጉ ከፈረንጅ የመጣ ነው፣ ትዳር አፍርሷል የሚለው። ይህን ክርክር ከሌሎችም ሰዎች እሰማዋለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? የድሮው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋና አርቃቂ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ናቸው። የወንጀለኛ መቅጫውንም ያረቀቁት ዣን ግራቨን የተባሉ ስዊዘርላንዳዊ ናቸው። ጸሐፊው የአባቶቻችን ሥርዓት ብሎ የሚከላከለው ሕግ ከፈረንሳዊ እጅ የወጣ ነው። እኔ ፈረንጅ ስለጻፈው ብቻ መጥፎ ነው አልልም። ግን መለኪያው ይኼ ከሆነ መጀመሪያ የሚወድቀው የድሮው ነው። የአሁኑ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እዚሁ አገር የሴት ማኅበራት፣ ጠበቆችና የምክር ቤት አባላት ሲከራከሩበት ከርመው የወጣ ነው።

የድሮው ምን ይል ነበር? አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይላል። ቀጥሎ ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል። የት እንደሚኖሩ የሚወስነው ባል ነው። የሚስቱን አዋዋል የመከታተልና የመምራት መብትም አለው። ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤት ሥራው የሚስት ግዴታ ነው። እነዚህ ልማድ ብቻ አልነበሩም። ቁጥር ያላቸው የሕግ አንቀጾች ናቸው። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ነበር። የ15 ዓመት ልጅ ማለት ዘጠነኛ ክፍል እንኳ በወጉ ያልደረሰች ልጅ ናት።

በነገራችን ላይ፣ ከ1952 በፊት በብዙ የሰሜን አካባቢዎች ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ርስት ትወርስ ነበር። በሰማንያ የተጋባች ሚስት ስትፋታ ከንብረቱ ድርሻዋን ይዛ ትወጣ ነበር። ስለዚህ ታዛዥነትን በአንቀጽ ማሰር ባህላችን ነው ማለት ባህሉንም አለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ፍቺው። በድሮው ሕግ ፍቺ የሚታየው በመጀመሪያ በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ሕጉ ለፍቺ «ከባድ ምክንያት» የሚላቸውን ይዘረዝራል። አንዱ ወገን ዝሙት ከፈጸመ፣ ቤቱን ጥሎ ሄዶ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ከሆነው፣ አእምሮው ታሞ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ከተቀመጠ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ዱላ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ባሏ በየቀኑ የሚደበድባት ሚስት በሕጉ ዓይን ከባድ ምክንያት አልነበራትም። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀ ወገን በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል ነበር። በተግባር የምትቀጣው ማን እንደነበረች ለመገመት ብዙ መመራመር አይጠይቅም። ተደብድባ ትወጣለች፣ ስለወጣች ደግሞ ከድርሻዋ ይቀነስባታል።

ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሥርቶ ነጻ የሕግ ምክር መስጠት ሲጀምር ደጁን የሞሉት እንዲህ ያሉ ሴቶች ነበሩ። ሕጉ ይለወጥ የሚለው ጥያቄም ከእነሱ መዝገብ ነው የወጣው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻው ዘመንም በፍቺም እኩል መብት አላቸው ይላል። ወ/ሮ መዓዛ ሕገ መንግሥቱን ባረቀቀው የሕገ መንግሥት ኮሚሽን ውስጥ የሕግ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ሥራ ያንን አንቀጽ ከወረቀት አውርዶ የሰው ቤት ማስገባት ነበር።

አዲሱ ሕግ ትዳር አፈረሰ? እስቲ እንየው። ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ባለትዳሮቹ እንዲታረቁ ይመክራል። በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲነጋገሩ ሊያደርግ ይችላል። የማሰላሰያ ጊዜም እስከ ሦስት ወር ሊሰጥ ይችላል። ሽማግሌ አልተሻረም። የተወሰደበት ዳኛ ሆኖ የመወሰን ሥልጣኑ ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ባልና ሚስት እኩል ሆኑ። በዚህ የፈረሰ ትዳር ካለ፣ ያ ትዳር ቀድሞም ቆሞ የነበረው ሴቲቱ መውጫ ስላልነበራት ነው።

እውነተኛ ትችት ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ሌላ ነጥብ ነበረው። ይህ ሕግ የፌዴራል ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፤ ክልሎች ደግሞ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። ሁሉም እኩል አልፈጠኑም። የአዲስ አበባ ሴት ያገኘችውን መብት ሌላዋ ዓመታት ጠብቃ ነው ያገኘችው። ጸሐፊው ይህን አላነሳም።

አራተኛውን አጭር አደርገዋለሁ። የመንግሥት ተለጣፊ የሆነ ማኅበር በመንግሥት አይታገድም። እ.ኤ.አ. በ2001 የፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን አግዶት ነበር። የባንክ ሒሳቡም ተዘግቶ ነበር። ማኅበሩ ከዚያ በፊት የሚኒስቴሩን አሠራር በአደባባይ ተችቶ ነበር። ጉዳዩ የምትደበደብ አንዲት ሴት ያሰማችው አቤቱታ ነው። እገዳው የተነሳው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያውም ሚኒስትሩ ከተቀየሩ በኋላ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማኅበሩን የሚመሩት ወ/ሮ መዓዛ ነበሩ።

በሁለተኛው ዙር የመጣው ደግሞ የከፋ ነበር። የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ በመብት ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውጭ ምንጭ እንዳያገኝ ከለከለ። ማኅበሩ አቅሙ ክፉኛ ተመናመነ። ያ አዋጅ የተነሳው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። ወ/ሮ መዓዛ ያኔ ማኅበሩን ከለቀቁ ቆይተዋል። እሳቸው ከሄዱ በኋላም ማኅበሩ ሥራውን አላቆመም። የተጠለፈችና የተደፈረች አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሲሄድ ማኅበሩ ኢኳሊቲ ናው ከተባለው ዓለም አቀፍ የሴቶች መብት ድርጅት ጋር አብሮ ነበር። ኮሚሽኑ በኋላ ኢትዮጵያ ለልጅቷ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንድትከፍል ወሰነ። ይህን የሚያደርግ ተለጣፊ አላውቅም።

አሁን ወደ ሹመቱ። «ለሴትነታቸው የተሰጠ ስጦታ» የሚለው አባባል በጣም ነው ያናደደኝ። አልደብቅም። ወቅቱ ሴቶች ወደ ላይ የወጡበት እንደነበር እውነት ነው። ካቢኔው ግማሽ በግማሽ ሴት ሆነ። ወ/ሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር የሆኑትም ከሳምንት በፊት ነው። ግን ሕገ መንግሥቱን ያነበበ ሰው አንቀጽ 81ን ያውቃል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንትና ምክትሉ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው የሚሾሙት። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አቶ ዳኜ መላኩም በዚሁ መንገድ ነው የመጡት። ለወንዱ ሲሆን ሹመት፣ ለሴቷ ሲሆን ስጦታ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ሥራቸውን ደግሞ እንቁጠረው። አሶሳ ተወልደው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ተመረቁ። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1992 የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ችሎት ላይ የነበሩ ሰው ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ሕገ መንግሥት ኮሚሽን። ከዚያ ማኅበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከዛምቢያዊቷ ሣራ ሎንግዌ ጋር የአፍሪካ የአመራር ሽልማትን ተካፈሉ። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በሴቶች መብት አማካሪነት ሠሩ። እናት ባንክን ከመሠረቱት ሴቶች አንዷ ናቸው፤ የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢም ነበሩ። ባንኩ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዋስትና የሚሆን ቤትና መሬት በስሟ የሌላት ሴት ብድር እንድታገኝ ታስቦ ነው የተቋቋመው። ሕጉ ቢለወጥም እጇ ላይ ገንዘብ የሌላት ሴት ጠበቃ ማቆም አትችልም። ዳኝነቱ፣ ጥብቅናውና ባንኩ አንድ መስመር ላይ ናቸው።

ይህን ሁሉ ይዞ የመጣ ወንድ ቢሆን ኖሮ ማንም ብቃቱን አይጠይቅም ነበር። አምኜ ነው የምለው።

የቀረው አምስተኛው ነው። «ምንም ሳይሠሩ ጥለው ወጡ።»

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ወጡ። የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1233 እና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234። ሁለተኛው ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 25 ተካ። ለባለጉዳይ ምን ማለት ነው? አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። ሰበር ችሎት፣ ማለትም የመጨረሻ ፍርድ ያገኘን ጉዳይ የሚያየው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ችሎት፣ ጉዳይ የሚያየው «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» ሲኖር ነው። ለሃያ ዓመት ከዚያ በላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሕግ አልተተረጎመም ነበር። ጠበቃው በግምት ያመለክታል፣ ችሎቱም እንደመሰለው ይቀበላል ወይም ይመልሳል። አዲሱ አዋጅ ትርጉም ሰጠው። የሰበርን የቀድሞ ትርጉም ለመለወጥ ደግሞ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች እንዲቀመጡ አዘዘ። ዛሬ ያሸነፍከው ክርክር ነገ በሌላ ችሎት በተቃራኒው ሲተረጎም ማየት ምን ያህል እንደሚያበሳጭ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ያውቀዋል። ፍርድ ቤት መር አስማሚነትም፣ ተከራካሪዎች በፍርድ ቤቱ በኩል በአስማሚ የሚስማሙበት መንገድ፣ በዚሁ አዋጅ መሠረት አገኘ። የፍርድ ቤት ሠራተኞች አስተዳደር ከሲቪል ሰርቪሱ ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤቱ መጣ።

አዋጅ ወጣ ማለት ግን ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። ማንኛውም የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ችሎት በር ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቆመ ሰው ያየዋል። የቀጠሮው ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሰው ተጋፍቶ በጣቱ ስሙን ይፈልጋል። አንዳንዱ ከሩቅ ነው የመጣው። «መዝገቡ ለምርመራ ተቀጥሯል» ተብሎ ይመለሳል። በዚህ ላይ ጸሐፊው ያለው ልክ ነው። ዳኛው ጥቂት፣ መዝገቡ ብዙ ነው። በአራት ዓመት አልተፈታም።

ከዚህ የሚከብድ ትችት ደግሞ አለ፤ ጸሐፊው ግን አልነካውም። በእሳቸው ዘመን ፍርድ ቤት በዋስ የለቀቃቸውን ተጠርጣሪዎች ፖሊስ ሳይፈታ ያቆየባቸው ጊዜያት ነበሩ። ጉዳዩ በአደባባይ ተነግሯል፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ተናግሮበታል። የዳኛ ትዕዛዝ እስር ቤት በር ላይ ሲቆም የፍርድ ቤት ነጻነት ባዶ ይሆናል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት በዚህ ላይ ሊጠየቁ ይገባ ነበር። ጥያቄው ግን ለእሳቸው ብቻ አይደለም። ትዕዛዙን ያላከበረው አስፈጻሚው ነው። ዳኛ ፖሊስ የለውም፤ ያለው ብዕርና ማኅተም ነው።

ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእሳቸውንና የምክትላቸውን የአቶ ሰለሞን አረዳን የመልቀቂያ ጥያቄ ተቀበለ። በቦታቸው አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ፕሬዝዳንት፣ ወ/ሮ አበባ እምቢአለ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆነው ተሾሙ። አዋጆቹ አሁንም ይሠሩባቸዋል። በዋስ የተለቀቀን ሰው ሳይፈታ ያቆየ የፖሊስ አዛዥ ምን ተጠየቀ የሚለው ግን ዛሬም መነሳት ያለበት ጥያቄ ነው። ጸሐፊው በዚህ ላይ ቢጽፍ ከመጀመሪያዎቹ አንባቢዎቹ አንዱ እሆናለሁ።